በፍሪጅ በር የታጠረ ወይን

አባዬ ችግኝ ሻጩን መጀመሪያ የጠየቀው ዋጋውን አልነበረም። "ቶሎ የሚደርሰው የቱ ነው?" ነው ያለው። ሰውየው መልሱን ሳይጨርስ ደግሞ ጠየቀው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበርና የአባቴ ሆዳምነት አሳፈረኝ። ወይኑ ሳይተከል ዘለላው ዓይኑ ላይ የሚመጣ ሰው መሰለኝ።

አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ትልቅ ሰው ነኝ ማለት ነው፣ አባዬ ባይስማማም። ያን ቀን እማዬ መታመሟን ከኔ በቀር ሁሉም ሰው ያውቅ እንደነበር ለማወቅ ግን ይሄን ሁሉ ማደግ አላስፈለገኝም። ነገሩ ትንሽ ቆይቶ ራሱ መጥቶ ነገረኝ።

ችግኝ ሻጩን ሰፈሩ ሁሉ አያልቅበት ነው የሚለው፤ ወሬ ስለማያልቅበት። ራሱም ስሙን ወዶት በሩ ላይ በቀለም አስጽፎታል። እማዬን ሲያይ አንድ ሳጥን ገለበጠና በእጅጌው ጠርጎ አቀረበላት። አባዬ ቆሞ፣ እኔ ቆሜ፣ ሻጩ ቆሞ፣ እሷ ብቻ እንደ ንግሥት ተቀመጠች። ቀናሁባት። ለካ ያስቀመጠቻት ከመንገዱ እስከ ችግኝ ቤቱ ያለችው ያቺ አጭር ዳገት ናት። እሷ ግን ሻርፗን እያስተካከለች "ስንመርጥ ስንመርጥ እግራችን አለቀ" አለች። ገና አንድም ችግኝ አልነካንም ነበር።

"ሦስት ዓይነት አለኝ" አለ አያልቅበት። "ይሄ ጥቁሩ የጥንቱ ነው። ወይን ጠጁን የሚያህል የለም። ግን ቅምጥል ነው። ሻጋታ ይወድቅበታል፣ ብርድ ይመታዋል፣ በየሳምንቱ መድኃኒት ካልረጩት ያኮርፋል። እነዚህ ሁለቱ የተዳቀሉ ናቸው። የዱሩንና የቤቱን ወይን አጋብተው ያስገኟቸው ናቸው። ጉልበቱን ከዱሩ፣ ጣዕሙን ከቤቱ ወስደዋል።"

"ከቤቱ ምን ያህል ወሰዱ?" አለች እማዬ።

"እውነቱን ልንገርዎት?"

"ይንገሩኝ።"

"ትንሽ።"

እማዬ ሳቀች። ከዚያ እጇን ሰደደችና የጥቁሩን ወይን አንድ ቅጠል በጣቶቿ አሽታ አሸተተችው። እማዬ ያደገችው ወይን የሚተክል ሰው ቤት ነው። "ይሄ እኮ የአባቴ ነው" አለች፤ ስለ ሰው እንደምታወራ ነው ያለችው።

"እሱን እንውሰዳ" አለ አባዬ ወዲያው። "መቼ ነው የሚያፈራው?"

"በደንብ ከተያዘ በአራተኛ ዓመቱ።"

አባዬ ጫማውን ማየት ጀመረ። እማዬ ችግኙን ከነጣሳው ቀስ ብላ ወደ ቦታው ገፋችው። "ተወው" አለች። እኔ ተወደደባት ብዬ አሰብኩና አዘንኩላት። ሳድግ እገዛልሻለሁ ብዬም በሆዴ ቃል ገባሁ።

"ይልቅ እሱን ይንገሩኝ" አለች ወደ ሻጩ ዞራ። "ከነዚህ ከሁለቱ ሰው ሲረሳው የማይሞተው የቱ ነው? መድኃኒት የማይጠይቀው። ገራዡ ሲያበላሽበት የሚችል።"

"እትዬ፣ የሚመርጡት ወይን ነው ወይስ ባል?"

"ባሉንማ መርጬ ጨርሻለሁ። ለሱ የሚሆን ወይን ነው ያጣሁት።"

አያልቅበት ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አባዬ አልሳቀም፤ ቀልድ የማይገባው ሰው ነው አልኩ። እማዬ እሷ የሌለችበትን ቤት ፊት ለፊታችን ቁጭ ብላ እያደራጀች መሆኑን ከሦስታችን የገባው እሱ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ላይ ተገኘ። ከተዳቀሉት ነጩ ቶሎም ይደርሳል፣ ሰው ቢረሳውም ይኖራል። ጣዕሙ ብቻ ነው የሚያንሰው። ስድስት ችግኝ ወሰድን። አያልቅበት በካርቶን እየደረደረልን፣ "ይሄ በሁለተኛው ዓመት አበባ ያሳያችኋል" አለ። "እንዳያታልላችሁ። አበባው ገና ብቅ ሲል ይቆረጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ማፍራት የለበትም፣ ሥር ይስደድ። በልጅነቱ ያፈራ ወይን ብርዱን አይችለውም።"

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ራስ መነቅነቅ እሺ ማለት ነው ብዬ የማምንበት ዘመን ነበር።

አባዬ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ግቢያችን ሰዎች ተስፋ ቆርጠው የጣሏቸው ፍሪጆች የተሰለፉበት ነበር። "የሞተ ፍሪጅ የለም፣ ብልሽቱ ያልተገኘ እንጂ" ይላል ለደንበኞቹ፣ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ለጥፎ። እውነቱን ነው፤ ያላስነሳው ፍሪጅ አላውቅም። ያን ሰሞን ፍሪጆቹን አንድ በአንድ እየጎተተ ወደ አጥሩ አስጠጋቸውና መሬቱን ቆፈረ። እማዬ የስፌት መኪናዋን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ከውስጥ ታዘዋለች። "ጠልቋል። ይበቃል። ፍሪጅ ልትቀብር ነው?" ትለዋለች። እሱ መቆፈሩን አያቆምም።

አክስቴ የመጣችው ያኔ ነው። የአባዬ ታላቅ ናት። "ለሳምንት ልብስ ላጥብላችሁ" ብላ መጥታ ሻንጣዋን እስከ ታች ፈታችው። ከባሏ የተጣላች መሰለኝ። ባሏ በሳምንት ሁለት ጊዜ ፍራፍሬ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሊታረቃት ነው ብዬ በር ላይ ጠብቄ "ትንሽ ለምናት፣ እሺ ትላለች" አልኩት። ፍራፍሬውን አስይዞኝ ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ።

"ምንድነው ይሄ የተከላችሁት?" አለች አክስቴ።

"የተዳቀለ ወይን ነው" አለ አባዬ።

"ዲቃላ በለኛ።"

"የተዳቀለ።"

"ቃሉን አሽሞነሞንከው እንጂ ያው ነው። የናቱን ቤት ጣዕም ካልያዘ ምኑን ወይን ሆነ?"

እማዬ ከውስጥ፣ "ተይው፣ ጤናው ይበቃዋል" አለች። እኔ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ስለ አንድ ቅጠል ይሄን ያህል ምን ያስለፈልፋቸዋል እያልኩ ነበር።

አንድ ቀን አባዬና አክስቴ ወጥ ቤት ሲንሾካሾኩ ደረስኩባቸው። "ሐኪሙ እስከ መቼ አለህ?" ትላለች አክስቴ። "አላውቅም አለኝ።" "እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?" የሐኪሙ ፍሪጅ በዚያ ሳምንት ግቢያችን ውስጥ ነበር፤ አባዬ ጠግኖታል። ሰውየው መቼ እንደሚወስደው አላውቅም ያለ መሰለኝ። ሐኪሙ ፍሪጁን ሊወስድ ሲመጣ አባዬ ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ ሐኪሙም ካልከፈልኩ አልወስድም አለ። በራችን ላይ ተፋጠው ቆሙ። ሁለት ትልልቅ ወንዶች በአንድ ፍሪጅ ዓይናቸው እንባ ሲያቀር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ወይኖቹ አበባ አሳዩ። አበባ ስል ጽጌረዳ እንዳይመስላችሁ፤ ከቅጠሉ ሥር ክብሪት ራስ የሚያካክሉ አረንጓዴ ፍሬዎች በዘለላ ተሰብስበው ወጡ። እማዬ በዚያን ጊዜ የምትውለው አልጋ ላይ ሆኗል። ደክሟት ነው ይሉኛል። እኔም ከተኙ ድካም ይለቃል ብዬ በእግሬ ጣት ነበር የምሄደው። እኔ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ሲጨቃጨቁ ሰማኋቸው።

"ቁረጠው" አለች እማዬ።

"አልቆርጥም።"

"አያልቅበት ያለህን ሰምተሃል።"

"ሰምቻለሁ።"

"እና?"

"እና አልቆርጥም።"

"ግንዱን ትገድለዋለህ።"

"ይሙት።"

"እኔ እኮ ላንተ ብዬ ነው የመረጥኩት" አለች።

"እኔ ደግሞ ላንቺ ብዬ ነው የተከልኩት።"

እኔ በፍጹም ከእማዬ ጋር ነበርኩ። አያልቅበት ይቆረጥ ብሏል፤ አባዬ ግን ከርሱን ማስታገስ አቃተው። የራሴን አባት በሆዳምነት ፈርጄበት፣ ጠጠር እየረገጥኩ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

በማግስቱ አባዬ ሥራ ሲወጣ እማዬ አስጠራችኝ። በአክስቴ ተደግፋ ወጥታ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጭኗ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ስትፈታው የስፌት መቀሷ ነው። ያ መቀስ በቤታችን ታቦት ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ወረቀት ቆርጬበት ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።

"ያዢ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ለወይኑ።"

"በዚህ? ቅጠል?"

"በዚህ።"

"ጨርቁስ ምን ይሆናል?"

"ጨርቁን አክስትሽ ለሌላ ሰፊ ሰጥታዋለች" አለች፤ ተራ ወሬ አስመስላ። እኔ መቀሱ እጄ ላይ ሲከብድ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ አደግሽ የተባልኩ መሰለኝ። ሌላ ጨርቅ እንደማትቆርጥ እየነገረችኝ ነበር።

"የጥጓ ያንቺ ናት" አለች፣ አጥሩ ጥግ ያለችውን ወይን እያመለከተችኝ። "ዘለላዎቿን አንድ ሳታስቀሪ ቁረጫቸው።"

"ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹን አትንኪ። የአባትሽ ናቸው።"

"እና የኔ ብቻ ፍሬ አይኖራትም?"

"አይኖራትም።"

"ምን አጥፍቼ ነው?"

"ምንም አላጠፋሽም። ከሥሩ ቁረጪው። እንደሱ አይደለም፣ ቅጠሉን ጎዳሽው። ቀስ። እያለቀሱ መቀስ አይያዝም፣ ጣትሽን ታጪያለሽ።"

ስነፈርቅ ነው የጨረስኩት። አምስቱ ወይኖች አጊጠው የኔዋ እንደተላጨ ራስ ቀረች። እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና እስከ መጨረሻው አየችኝ። ስጨርስ "ጎበዝ" አለች። እኔ ግን ጀርባዬን ሰጠኋት። አሁን ያንን ጎበዝ ዞሬ ብቀበላት ኖሮ እላለሁ፤ ምንም አይለውጥም ነበር፣ ብቻ እላለሁ።

አባዬ ማታ ሲገባ የጥጓን አየና ቆመ።

"ማን ነው?"

"እማዬ ቁረጪ ብላኝ ነው።"

"የሌሎቹንስ?"

"ያንተ ናቸው አለችኝ።"

ቁጢጥ ብሎ መሬት የወደቁትን ዘለላዎች ለቃቀመና ብሎን በሚያኖርበት ኪሱ ከተታቸው። ባክኖበት ነው ብዬ አሰብኩ። ወደ ቤት አልገባም፤ የሞተር ክዳን ሲፈታና ሲያጠብቅ አመሸ። እማዬ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ወይኖቹን ለሁለት ከፍላቸው ነበር፤ አምስቱ ለሱ ልመና፣ አንዷ ለኔ።

ከዚያ በኋላ አባዬ ያደረገውን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ፍሬው እንዲፈጥን ፀሐይ አነሰው ብሎ የፍሪጆቹን በሮች ነቀለ። ነጭ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ። በየወይኑ ዙሪያ አቆማቸውና ፀሐዩን ወደ ዘለላው መለሰው። ፀሐይ ስትዞር ለጥገና ከሄደበት በብስክሌት እየበረረ መጥቶ በሮቹን ያዞራል፤ ተመልሶ ይሄዳል። ግቢያችን ከርቀት ሲታይ ፍሪጆች ተሰብስበው የሚመክሩበት ይመስል ነበር። እኔ ወይኑን ሊያቀዘቅዘው ነው ብዬ ለጎረቤት ልጆች አስረዳሁ። አንዱ ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ውስጡ እንቁላል አለው?" አለው። "ለመግዛት ነው ለመስረቅ?" አለው አባዬ ቀና ሳይል።

እማዬ በመስኮት አይታው ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባት፣ ሳሉም አልቆም አለ። አባዬ በር እንደተሸከመ ቆሞ ጠበቃት። ማስቀመጥም አልቻለ፣ መግባትም አልቻለ።

ፍሬው ሳይበስል ቆረጠው። አያልቅበት ገና አንድ ወር ይቀረዋል ብሎት ነበር። አባዬ ግን አንድ ዘለላ አጥቦ በሳህን ይዞላት ገባ፤ እኔና አክስቴ ተከተልነው። አንዷን ፍሬ ቆርጦ አፏ ውስጥ አደረገላት።

"ጣፈጠሽ?"

እማዬ ዓይኗን ጨፍና ብዙ አላመጠችው። "ጣፈጠኝ" አለች። "ማር ነው።"

እኔም አንዷን ነጥቄ ጎረስኩ። ጥርሴ ጠረሰ። "ኧረ ይኮመጥጣል! ትዋሻለች!" አልኩ። አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ አባዬ ወደ ግድግዳው ዞረ። እማዬ ግን ፈገግ አለች።

"ተያት" አለች። "የሷ ምላስ ጤነኛ ነው።"

እማዬ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች የምግብ ጣዕም እንደሚያጠፉ አክስቴ የነገረችኝ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። የዚያን ቀን ሎሚም ቢሰጧት፣ ሳሙናም ቢሰጧት ልዩነት አልነበረውም። ማር ነው ያለችው ለሱ ነው።

የቀረውን አባዬ በባልዲ ጨምቆ፣ ስኳርና እርሾ ጨምሮ፣ ሆደ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አደረገው። አየር እንዳይገባበት ከአሮጌ ፍሪጅ ቀጭን ቱቦ ነቅሎ በክዳኑ አሳለፈና ጫፉን ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከረው። ጠርሙሱን እሷ ክፍል አኖረው። ወይኑ እየፈላ ቱቦው ብልቅ፣ ብልቅ ይላል። "ሞተር አስገባህብኝ" አለችው። "ይረብሽሻል?" "ኧረ እንዲያውም ያስተኛኛል።" እኔም ከትምህርት ቤት ስመጣ ብርጭቆው ሥር ተቀምጬ ከእማዬ ጋር እሰማለሁ። ወይን ጠጅ ለመጠጥ ሊደርስ ወራት እንደሚፈልግ ያኔ አላወቅኩም። አባዬና እሷ ያውቁ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባዬ ክዳኑን ከፍቶ በሻይ ማንኪያ ቀዳ። እንደ ሊጥ ውኃ ደፍርሷል፤ እርሾ እርሾ ይሸታል። ከንፈሯ ላይ አደረገላት። የዋጠችው ጥቂቱን ነው። "የአባቴን ይመስላል" አለችው። ያልበሰለ የዲቃላ ወይን ጭማቂ፣ ገና እየፈላ። አባዬ አመናት። ወይም ያመናት መሰለ፤ አሁንም ጠይቄው አላውቅም።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ልብሴን በፌስታል ሸክፋ ባሏ ቤት አደረሰችኝ። ስመለስ የእማዬ አልጋ ፍራሹ ተነስቶ ተቋጥሯል፣ መስኮቱ ተከፍቷል። ጠርሙሱ የለም። አባዬ ግቢ ውስጥ ባለው ወርክሾፑ ጠረጴዛ ሥር አስገብቶታል። ቱቦው አሁንም አንዳንዴ ብልቅ ይላል። እኔም በጣም የተናደድኩት በሱ ነበር፤ ለማን ነው የሚፈላው?

ያን ዓመት ብርዱ ክፉ ነበር። ውርጭ ግቢውን እንደ ኖራ ቀባው። ብርዱ ሲያልፍ የሁሉም ቤት ዛፍ ሲያቆጠቁጥ የኛ ወይኖች እንደ ዱላ ቆመው ቀሩ። አባዬ አያልቅበትን አስመጣው። ሰውየው አንደኛውን ግንድ በጥፍሩ ፋቀው፤ ውስጡ ቡናማ ነው። ሁለተኛውን ፋቀ። አምስቱንም ፋቀ። በጥጓ ላይ ጎንበስ ብሎ ፋቅ ሲያደርግ ከቅርፊቱ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ወጣ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ አባዬን አየ፣ የፍሪጅ በሮቹን አየ። አፉን ከፈተ። ወሬ አለቀበት።

"ምንም የሚደረግ ነገር የለም?" አለው አባዬ። ፍሪጅ የሚያመጡለት ሰዎች ሁሉ እሱን የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

አያልቅበት ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

ዛሬ አጥሩን ሙሉ የሸፈነው ወይን ሁሉ ከጥጓ ተቆርጦ የተተከለ ነው። የተረሳበት ዓመት ነበር፣ ያለ መግረዣ የከረመበት ዓመት ነበር፣ አባዬ ክፉኛ የገረዘበት ዓመትም ነበር። አልሞተም። እማዬ ስትመርጥ አላበላሸችም። ጠርሙሱ ግን ኮምጣጤ ሆኗል፤ አክስቴ ለሰላጣ ትፈልገዋለች፣ አባዬ አያስነካትም።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተኳረፍንና አያልቅበት ዘንድ ተቀጠርኩ። የምገርዘው በእማዬ መቀስ አይደለም፤ እሱን በጨርቁ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ባለፈው ወር ከችግኝ ቤቱ አንድ ጣሳ ይዤ ገባሁ። አባዬ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየው።

"ይሄ ደግሞ የትኛው ነው?"

"ጥቁሩ።"

አባዬ አካፋ አመጣና ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ መርጦ መቆፈር ጀመረ። ሲደክመው ቆም ብሎ አንዱን ቅጠል በጣቶቹ አሽታ አሸተተው፤ ልክ እሷ እንዳደረገችው።

"በአራት ዓመቱ ነው አይደል?" አለኝ።

"በደንብ ከያዝነው።"

"አበባው ሲወጣ ትቆርጪዋለሽ።"

"ሁለት ዓመት እቆርጠዋለሁ።"

"ሦስት ቁረጪው" አለ። "ምን ያስቸኩለናል።"

ከዚያ አካፋውን አንስቶ ቀጠለ። ጉድጓዱ በቅቶ ነበር። እንደ እማዬ "ይበቃል" ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ግን አላልኩትም። ችግኙን እንዳቀፍኩ ቆሜ ሲቆፍር አየሁት።